ከአራዳ እስከ አዲስ ከተማ፤ የቅዱስ ራጉኤል ንግሥና የመርካቶ ሰው ቸርነት



የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚከበርበት በዚህ ዓመት፤ እኛ የታሪክ ክበብ ተማሪዎች ለዓመቱ መጽሔት ምን እንጻፍ ብለን በተመካከርን ጊዜ፤ አንዳንዶቻችን ስለ ዐድዋ ድል፤ ሌሎቻችን ስለ አክሱም ሐውልት፤ የቀሩትም ስለ ጎንደር አብያተ መንግሥት እንጻፍ አልን። መምህራችን ሁላችንንም በትዕግሥት ካዳመጡ በኋላ፤ «በየቀኑ የምታልፉበትን የመርካቶን ታሪክ ታውቃላችሁን?» ሲሉ ጠየቁን። መልስ የሰጠ አልነበረም። እኛ መርካቶን የምናውቀው ደብተርና ጫማ ሲገዛልን፤ ወይም አውቶቡስ ስንጠብቅ ነበር። የአክሱምን ነገሥታት ስም በቃል የምንቆጥር ልጆች ስለ ጎረቤታችን የምንናገረው በማጣታችን አፈርን። ስለዚህ ዘመን መለወጫና የቅዱስ ራጉኤል ዓመታዊ ንግሥ በአንድነት በሚውሉበት በመስከረም 1 ቀን ወደ መርካቶ ሄደን ለማየትና የአገሩን ሽማግሎች ለመጠየቅ ወሰንን።

ከሁሉ አስቀድሞ ይህ ገበያ ከወዴት እንደ መጣ መናገር ተገቢ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተመሠረተች በኋላ የከተማዪቱ ታላቅ ገበያ የነበረው በአራዳ፤ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነው። ከየአውራጃው የሚመጣ እህል፤ ማር፤ ጨው፤ ቅቤ፤ በርበሬ፤ የጋማና የቀንድ ከብት የሚሸጠው በዚያ ነበር። ከአገሬው ነጋዴ ጋራ የህንድ፤ የዐረብ፤ የአርመንና የግሪክ ነጋዴዎችም ሱቅ ከፍተው ይነግዱ ነበር። ገበያው መሸጫና መግዣ ብቻ አልነበረም፤ ወሬ የሚሰማበት፤ አዋጅ የሚነገርበት፤ ሰው ከሰው የሚተዋወቅበት የከተማዪቱ ልብ ነበር ለማለት ይቻላል።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሽስት ኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። ጠላት ከተማዪቱን ነጭና ጥቁር ለይቶ ሊያኖር አሰበ። ጉዊዲና ቫሌ የተባሉ የኢጣልያ አርክቴክቶች ባዘጋጁት ፕላን መሠረት፤ አራዳና አካባቢው ለነጮች እንዲሆን፤ አገሬው ደግሞ ወደ ምዕራብ ሄዶ በተለየለት ስፍራ እንዲሠፍርና እንዲነግድ ታዘዘ። ለዚህም አዲስ የገበያ ስፍራ «መርካቶ ኢንዲጄኖ»፤ ማለት የአገሬው ሰው ገበያ የሚል ስም ሰጡት። በዙሪያው የተቆረቆረውም ሠፈር «አዲስ ከተማ» ተባለ። እንግዲህ ዛሬ ሁላችን በኩራት የምንጠራው የመርካቶ ስም መጀመሪያው የመገፋት ስም ነበረ። ይህን በሰማን ጊዜ በጣም ተገረምን፤ የምንወደውን ስም እንደ አዲስ አየነው።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ «ኢንዲጄኖ» የምትለው ቃል ከስሙ ወደቀች፤ «መርካቶ» ብቻ ቀረ። ገበያው ግን ወደ አራዳ አልተመለሰም፤ እዚያው ሰፋ፤ እዚያው ደራ። ከጉራጌ፤ ከስልጤ፤ ከዶርዜ፤ ከመንዝ፤ ከወሎ፤ ከሐረርጌ፤ ከትግራይ፤ ከከተማዪቱም ዙሪያ ከኦሮሞ ገጠሮች እየመጣ ሰው ሠፈረበት። ከየመን የመጡ ዐረቦችም ለብዙ ዘመን በየማዕዘኑ ሱቅ ነበራቸው። እያንዳንዱ መንገድ እንደ ንግዱ ዐይነት ተራ እየተባለ ስም ወጣለት፤ ሸማ ተራ፤ በርበሬ ተራ፤ ቆርቆሮ ተራ፤ ዶሮ ተራ፤ ሸራ ተራ፤ ያገለገለ ዕቃ የሚታደስበትም ምናለሽ ተራ ተባለ። ይህ ሁሉ ሕዝብ የተለያየ ቋንቋና ሃይማኖት ያለው፤ ዘመዱን በሩቅ ትቶ የመጣ እንግዳ ነበረ። እንግዳ ለእንግዳ እንዴት ወገን ሊሆን ቻለ? የጽሑፋችን ጥያቄ ይህ ነው።

በመስከረም 1 ቀን ገና ጎሕ ሳይቀድ ተሰብስበን ሄድን። ሌሊቱን የዘነበው ዝናም አባርቶ፤ ከገጠር የመጡ ሴቶች አደይ አበባና እርጥብ ቄጤማ በየመንገዱ ዳር ይሸጡ ነበር። ወደ ቅዱስ ራጉኤል በቀረብን መጠን ሕዝቡ እየበዛ ሄደ። ነጭ የለበሰው ምእመን ከየአቅጣጫው እንደ ክረምት ወንዝ ይጎርፋል። ከመጨናነቁ የተነሣ እጅ ለእጅ ተያይዘን ሄድን፤ እንዲሁም ሆኖ ከመካከላችን ሁለት ልጆች ጠፍተውብን፤ የበዓሉን ሥርዓት የሚያስጠብቁ ወጣቶች ከግማሽ ሰዓት በኋላ አግኝተው መለሱልን።

ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ታቦቱ በካህን ራስ ላይ ሆኖ፤ ባለ ወርቀ ዘቦ ጥላ ተይዞለት ሲወጣ፤ እልልታው አየሩን ሞላው። ሊቃውንቱ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው በከበሮ ድምፅ እየተመሩ አሸበሸቡ። የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን ከፊት ከፊት ምንጣፍ እያነጠፉ፤ የተረገጠውን ከኋላ ጠቅልለው እየሮጡ እንደገና ከፊት ያነጥፉ ነበር። ስለት የሰመረላቸው ጥላ፤ ጧፍ፤ ዕጣንና መጋረጃ ይዘው ይመጣሉ። አንዲት እናት ልጃቸውን አቅፈው፤ እያለቀሱና እየሣቁ በአንድነት ሲጸልዩ ባየን ጊዜ የሁላችንም ልብ ተነካ።

ይሁን እንጂ ከሁሉ ይልቅ እንድናስብ ያደረገን በዐጸዱና በአካባቢው የነበረው መስተንግዶ ነው። ታቦቱ ከገባ በኋላ የማኅበርተኞች ሌማት ተከፈተ። ዳቦ ተቆረሰ፤ ንፍሮ በትልልቅ ሰፌድ ተዘረጋ፤ ጠላ በእንስራ ቀረበ። ማን ነህ፤ ከየት መጣህ የሚል አልነበረም። የኔ ቢጤዎች በተርታ ተቀምጠው፤ ነጋዴው ከተሸካሚው፤ አሮጊቷ ከተማሪው ጎን ተቀምጠው በሉ። እኛም ለማየት እንጂ ለመብላት አልመጣንም ብለን ወደ ኋላ ብንል፤ ዳቦ የሚያድሉት ሴት ወይዘሮ፤ «ልጆቼ፤ ጠበል ጸዲቅ እንቢ አይባልም፤ ቅመሱ!» ብለው አስቀመጡን። «እግዜር ይስጥልን እማማ» ብለን በላን።

ከዚህ በኋላ፤ ይህን ያህል ሰው የሚያበላው ማን ነው? ብለን ጠየቅን። አንድ ትልቅ ባለጸጋ ይሆናል ብለን አስበን ነበር። የተሰጠን መልስ ግን ሌላ ነው። ዳቦው የአንድ ሰው አይደለም፤ በየወሩ በየተራ የሚዘክሩ ማኅበርተኞች ያዋጡት ነው። ድንኳኑ፤ አግዳሚ ወንበሩ፤ ብረት ድስቱና ብርጭቆው ደግሞ ከሠፈሩ ዕድር የመጣ ነው። ሀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፤ ለሀምሳ ሰው ጌጡ የተባለው በዚህ ዐይነት መሆኑን በዐይናችን አየን።

ስለ ዕድር ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል። ዕድር በከተማ ኑሮ የተስፋፋ ማኅበር ነው። በአገሩ የሚኖር ሰው ሐዘን ቢደርስበት የሚቀብረው ዘመዱ ነው። ወደ ከተማ የመጣ እንግዳ ግን ቢሞት ማን ይቀብረዋል? ለቀስተኛውን ማን ያስተናግዳል? ይህ ፍርሃት ነው ጎረቤትን ከጎረቤት ጋራ በመዝገብ ያስተሣሠረው። ዕድርተኛ በየወሩ ጥቂት ገንዘብ ይከፍላል፤ ዳኛ፤ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመርጣል። ሐዘን በደረሰ ጊዜ ድንኳን ይተከላል፤ ለቤተ ሰቡ የተወሰነ ገንዘብ ይሰጣል፤ አባላቱም ቀብር ይወጣሉ፤ ያልመጣ ይቀጣል። በብዙ ሠፈር ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ዕድር ይገኛሉ። ከዕድር ሌላ ዕቁብ አለ፤ እርሱም ነጋዴው ያለ ባንክ ወለድ በየተራ ጠቅላላ ገንዘብ የሚያነሣበት ነው። በመርካቶ ብዙ ሱቅ በዕቁብ ገንዘብ ተከፍቷል። ስለዚህ የበዓሉ ቸርነት የአንድ ቀን ስሜት አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ በመዝገብ የሚሠራ ሥራ ፍሬ ነው።

ከቅዱስ ራጉኤል ወጥተን ጥቂት እንደ ተራመድን ታላቁን አንዋር መስጊድ አገኘን። ሁለቱ ጎረቤታሞች ናቸው፤ የቅዳሴው ደወልና የአዛኑ ድምፅ በአንድ ሠፈር ይሰማሉ። በዚያም ቀን ከመስጊዱ ወገን ባለው መንገድ ሱቅ ያላቸው አንድ ሙስሊም አባት፤ ከንግሥ ለሚመለሱ ደካሞችና ሕፃናት በርሜል ውሃና ኩባያ በሱቃቸው በር አኑረው አየን። ለምን ይህን እንደሚያደርጉ ስንጠይቃቸው በጥያቄያችን የተገረሙ መሰሉ። በረመዳን ምሽት ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ለማፍጠሪያ ቴምር እንደሚያመጡላቸው፤ እርሳቸውም የጎረቤታቸውን ደስታ እንደማይረሱ ነገሩን።

የእስልምናም ሃይማኖት ልግስናን በሥርዓት የደነገገ ነው። አቅሙ የደረሰ ሙስሊም አንድ ዓመት ከተቀመጠ ገንዘቡ ከመቶ ሁለት ተኩል እጅ ዘካ ለችግረኞች ይሰጣል፤ ከዚያም በላይ በፈቃዱ የሚሰጠው ሰደቃ ይባላል። በዓረፋ በዓል የታረደውን ሥጋ ከሦስት ከፍሎ አንዱን ለቤቱ፤ አንዱን ለዘመድና ለጎረቤት፤ አንዱን ለድሃ መስጠት የተለመደ ነው። እንግዲህ በአንድ ግንብ ወዲህና ወዲያ ዝክርና ሰደቃ እንደ ሁለት እኅትማማች ይኖራሉ።

ነገር ግን ታሪክ ጸሐፊ ደስ የሚያሰኘውን ብቻ መጻፍ የለበትም። የሁለቱ በዓላት ክብር በሕግ ፊት ሁልጊዜ እኩል አልነበረም። ለብዙ ዘመን የክርስቲያኑ በዓል ብሔራዊ በዓል ሆኖ ሲከበር፤ የሙስሊሙ አልነበረም፤ የሙስሊም ልጅ በዒድ ቀን ትምህርት ቤት ይውል ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ግን የአዲስ አበባ ሙስሊሞች ይህ እንዲሻሻልና የእኩልነት መብት እንዲከበር በታላቅ ሰላማዊ ሰልፍ ጠየቁ፤ ብዙ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ተሰለፉ። ከመንግሥት ለውጥ በኋላ በ1967 ዓ.ም. ዒድ አልፈጥር፤ ዒድ አልአድሐና መውሊድ ብሔራዊ በዓላት ሆኑ። የጎረቤት ቸርነት ውሃ በማጠጣት ብቻ የሚፈጸም አይደለም፤ ጎረቤት መብቱን ሲጠይቅ ከጎኑ መቆምም ቸርነት ነው። ይህን ትምህርት ከዚያ ሰልፍ አግኝተናል።

ነገሩን ከሌላው ዓለም ጋራ ለማመዛዘን የህንድን አገር እንጥቀስ። ህንድ ለእኛ ሩቅ አይደለችም፤ ነጋዴዎችዋ ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምረው በከተማችን ነግደዋል፤ በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ ዓ.ም. ደግሞ ብዙ የህንድ መምህራን በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተምረዋል። በህንድ ምሥራቃዊ ባሕር ዳር ፑሪ በምትባል ከተማ ጃጋናት የሚባል ጥንታዊ የሂንዱ መቅደስ አለ። በየዓመቱ በክረምት መግቢያ ከእንጨት የተሠሩ ሦስት ታላላቅ ሠረገሎች የአማልክቱን ምስል ጭነው ይወጣሉ፤ እጅግ ብዙ ሕዝብም በገመድ ይስባቸዋል። ወደ መቅደሱ ውስጥ መግባት የሚፈቀደው ለሂንዱ ብቻ ነው፤ በሠረገላው ቀን ግን ምስሉ ወደ ሕዝብ ስለሚወጣ ማንም ያያል። ይህን ስናነብ፤ በመቅደስ የሚኖረው ታቦት በንግሥ ቀን ወደ ሕዝብ መውጣቱ ትዝ አለን። ሃይማኖቱ ሌላ፤ ትርጓሜውም ሌላ ነው፤ የሕዝቡ ናፍቆት ግን ይመሳሰላል።

በዚሁ መቅደስ በእንጨት እሳትና በሸክላ ድስት የሚበስለው ምግብ፤ «የደስታ ገበያ» የሚል ትርጉም ባለው ስፍራ ለምእመናን ይቀርባል። በህንድ የቆየ ልማድ የአንዱ ወገን ሰው ከሌላው ጋራ አብሮ የማይበላ ሲሆን፤ ይህን የተቀደሰ ምግብ ግን ከፍተኛና ዝቅተኛ የተባሉት አብረው ይበሉታል። እንደዚሁም የሲክ ሃይማኖት ተከታዮች በአምሪትሳር ባለው የወርቅ መቅደሳቸው፤ ማንም የመጣ እንግዳ ከመሬት ተቀምጦ በነጻ የሚበላበት ማእድ በየቀኑ ያሰናዳሉ። እንግዲህ ሰው ሰውን በደረጃ ሲለይ፤ የበዓል ማእድ የሚያቀራርብ መሆኑ በእኛ ብቻ ያለ አይደለም።

አሁን ወደ መርካቶ እንመለስና፤ ያሳዘነንንም እንናገር። በንግሡ ቀን በግፊያው መካከል ኪሱ የተበረበረ ሰው አይተናል። ምጽዋቱን ከመስጠት ይልቅ ሲሰጥ ለመታየት የሚቸኩልም ነበረ። በማግስቱ መስከረም 2 ቀን በዚያው ስናልፍ፤ ትናንት በተርታ ተቀምጠው የበሉት የኔ ቢጤዎች እዚያው ነበሩ፤ የሚያያቸው ግን አልነበረም። ይህ ጥያቄ ሆኖብን ቀርቷል። የአንድ ቀን ማእድ ረኃብን አያጠፋም፤ ዕድር ሐዘንተኛውን እንደሚመዘግብ፤ ችግረኛውንም የሚመዘግብ ማን ነው?

ሁለተኛው ሐሳባችን ስለ ሠፈሩ መበተን ነው። ከተማ ሲታደስ አሮጌው ቤት ይፈርሳል፤ ነዋሪውም ወደ ሩቅ አዲስ መንደር ይሄዳል። ሰፊ መንገድና ንጹሕ ቤት የማይፈልግ የለም። ዳሩ ግን ቤቱ ሲፈርስ ዕድሩም አብሮ እንዳይፈርስ ያሠጋል። የእሳትም አደጋ አለ፤ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት በሸማ ተራ አካባቢ የተነሣው ቃጠሎ የብዙ ሰው የዘመን ድካም በአንድ ሌሊት አመድ ሊሆን እንደሚችል አስታውሶናል። እንዲህ ባለ ቀን ሰው የሚያስፈልገው ጎረቤት ነው።

ከክፍላችን የአንድ ጓደኛችን ቤተ ሰብ ከአዲስ ከተማ ተነሥቶ ከከተማው ዳር ገብቷል። እናቱ ግን በየወሩ ሁለት ታክሲ እየያዙ መጥተው የድሮውን ዕድራቸውን ይከፍላሉ። በአዲሱ መንደርዎ ዕድር የለምን? ብለን ጠየቅናቸው። አለ፤ በእርሱም ገብቻለሁ፤ የደግ ጊዜ ወዳጅ ግን አይጣልም አሉን። በራጉኤል ንግሥም ዕለት ዳቦአቸውን ጋግረው፤ በሌማት ተሸክመው መጥተው ነበር። ያን ዳቦ እኛም ቀምሰናል።

እንግዲህ የጥያቄያችን መልስ በእኝህ እናት ዘንድ የተገኘ ይመስለናል። መርካቶ ራሱ ከአራዳ በተገፉና ከየአገሩ በተሰበሰቡ ሰዎች የተሠራ ነው። ጠላት ለመለየት ያቆመውን ስፍራ ሕዝቡ የመገናኛ ስፍራ አደረገው። ይህም በአንድ ጊዜ የሆነ ተአምር አልነበረም፤ አንድ ሰው ደብተር ይዞ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ የጎረቤቱን ስም ስለ ጻፈ፤ ሌላው ተራው ሲደርስ ሌማቱን ስላልዘነጋ፤ ሌላውም በበሩ ውሃ ስላኖረ የሆነ ነው። አባቶቻችንና እናቶቻችን እንግዶች ሆነው ይህን ከሠሩ፤ እኛም ወደ ምንሄድበት አዲስ መንደር ሁሉ ይዘነው ልንሄድ እንችላለን።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ተማሪዎች ሆይ፤ በዓል ሲመጣ መብላትና መልበስ ደስ ይላል። ነገር ግን ዳቦውን ማን እንደ ጋገረው፤ ድንኳኑን ማን እንደ ተከለው፤ መዝገቡን ማን እንደ ያዘው እንጠይቅ። ወላጆቻችን ሆይ፤ የዕድራችሁን ደብተር ለልጆቻችሁ አሳዩ፤ ብዙ የታሪክ መጽሐፍ ያልያዘው ታሪክ በእርሱ ውስጥ አለና። እኛም የታሪክ ክበብ አባሎች በሚመጣው ዓመት ከየቤታችን ጀምረን የአካባቢውን የቆዩ ዕድሮች ታሪክ፤ ሽማግሎቹ ሳያልፉ፤ ለመጻፍ ተስማምተናል። የትምህርት ቤታችን በዓልም የወረቀት አበባ የሚሰቀልበት ቀን ብቻ ሆኖ እንዳይቀር፤ ከየክፍሉ ደብተርና እርሳስ አዋጥተን ለሌላቸው ጓደኞቻችን፤ ስማቸው ሳይነገር፤ እንዲደርሳቸው ጀምረናል። ትንሽ ነው፤ ግን በመዝገብ ጀምረነዋል።

እግዚአብሔር ለሁላችንም ዘመኑን የሰላምና የፍቅር ያድርግልን።